ከራጅ የተቆረጠ ኪስ

ሚስቴን ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ነው የሚላት። እናቷ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመጨረሻው ዘመናቸው ስሟን ትተው «እስቲ ሚሊሜትርን ጥራልኝ» ይሉኝ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። ሌላ ሰፊ «ወገቡ ጋ ትንሽ እናጥብበው» ሲል እሷ «አራት ሚሊሜትር» ትላለች፤ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ በዓይኗ ብቻ። ተጠራጥሮ የለካ ሁሉ አፍሮ ነው የተመለሰው። ቤት ውስጥም ያው ናት። አብረን መኖር ከጀመርን ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው፣ አንሶላ አጥፌ አንድ ቀን «ጎሽ» ተብዬ አላውቅም። ታየኛለች፣ ታየኛለች፣ ከዚያ ዘርግታ እንደ ገና ታጥፈዋለች።

እኔ ደግሞ ተኳሽ ነኝ። ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፤ ካውያ ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። ሰፈሩ እኔን «የሚሊሜትር ባል» ይለኛል፣ ሌላ ስም ሊያወጣልኝ እንኳ አልደከመም። ቁጡ ነው ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ በጋለ ብረትና በእንፋሎት መሀል የቆመ ሰው ምን እንዲሆን ነው የፈለጉት?

ሱቃችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው አሮጌ ስለሆነ ሊፍት የሚባል ነገር አያውቅም። ደንበኛ ሁሉ «ምነው ምድር ቤት ብትወርዱ» እያለ ይለምናታል፣ እሷ ወይ ፍንክች። ምክንያቷ መስኮቱ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስኮት ነው፣ ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ አይለየንም። «ምድር ቤት ጥቁር ክርና ሰማያዊ ክር አንድ ናቸው» ትላለች። የጨርቁን ጥቅል በትከሻዋ ተሸክማ እየዘፈነች ነው የምትወጣው፤ ዘፈኑ ደረጃው ላይ አይቆረጥም። እኔ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ስልኬን አውጥቼ መልእክት የማነብ እመስላለሁ። ማንም መልእክት ልኮልኝ አያውቅም።

ነገሩ የመጣው በወንበር ነው። ግድግዳው ላይ ካሉት ሚስማሮች አንዱ ዘሟል ብላ ልታቃናው ወንበር ላይ ወጣች። እኔ «ተይው» አልኩ። ወንበሩም በኔ ተስማማ መሰለኝ ከሥሯ ሸሸ፣ እሷ በጎኗ ወደቀች። የጎድን አጥንቷ እንዳይሆን ብለን ሐኪም ቤት ሄድን፣ ራጅ ተነሳች። አጥንቷ ደህና ነው ተባለ። ግን ቀኝ ሳንባዋ ግርጌ ላይ ክብ ነጭ ነገር አለ ተባለ። ደረቷን አሟት አያውቅም፣ አስሏትም አያውቅም፣ ቤታችን ውስጥ የሚያስለው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሲቲ ስካን፣ ከሲቲ ስካኑ በኋላ በረጅም መርፌ ናሙና። ውጤቱን ሊነግረን የጠራን ቀዶ ሐኪም ረጅም፣ ትሑት ሰው ነው። መጥፎ ነገር ሊናገር ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያን ቀን ጭራሽ አልሰማ ብሎኝ ወንበሬን እየጎተትኩ ጉልበቱ ሥር ደረስኩ።

«በመርፌ የወሰድናት ናሙና በጣም ትንሽ ናት» አላት። «ካንሰር ይመስላል። ነው ብሎ መማል አይቻልም፣ አይደለም ብሎ መተውም አይቻልም። ስለዚህ የቀኝ ሳንባዎን ታችኛውን ክፍል በሙሉ ብናወጣው ይሻላል። ከዚያ እንደ ውጤቱ መድኃኒት ሊከተል ይችላል። ከዚህ በፊት የተነሱት ራጅ አለ?»

«የለም» አለች።

እኔም አጠገቧ ሆኜ የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ይቺን ልብ በሉልኝ። ውሸታሞች አይደለንም፣ እንደ እውነቱ የለም ብለን ነው።

እሷ ስለ ካንሰሩ አልጠየቀችም። «አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ?» ነው ያለችው።

«ቀስ እያሉ፣ እያረፉ…» አለና ትንሽ አሰበ። «ሱቁን ወደ ምድር ቤት ቢያወርዱት ግን ጥሩ ነው።»

ሚስቴ «እሺ» አለች። ይቺ ሴት «ምድር ቤት» ሲሏት ሳትከራከር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈራሁ። ሰው ፊት ያልፈራ መስዬ መቀመጥ አውቃለሁ፣ ያን ቀን ግን እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ የሐኪሙን እስክሪብቶዎች በቁመታቸው መደርደር ጀመርኩ።

በማግሥቱ ሱቅ እንደገባን ሜትሩን ይዛ መጣችና «እጅህን አንሳ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ልለካህ ነዋ።»

ልኬን ከኔ በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ለካችኝ፣ ከዚያ ጨርቅ ዘርግታ ሸሚዝ መቁረጥ ያዘች። አንዱን ጨርሳ ሌላ፣ ሌላውን ጨርሳ ሌላ። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ባለ መስመር። የደንበኛ ሥራ ተከምሮ እያለ ለኔ ሸሚዝ ትሰፋለች። በሦስተኛው ቀን ደሜ ፈላ።

«ይሄ ሁሉ ሸሚዝ ምንድነው? ሱቅ ልከፍት ነው?»

«ከሱቅ ስትገዛ ትከሻው ይወድቅብሃል» አለች፣ ዓይኗን ከመኪናው ሳታነሳ። «አንተ ደግሞ አታይም። ማን ያይልሃል?»

እሷ ከሌለች ማለቷ ነው። ካውያውን እንደያዝኩ ጀርባዬን ሰጠኋትና ኮሌታው ላይ አለቀስኩ። እንባ ለመተኮስ ይመቻል፣ ውሃ መርጨት አላስፈለገኝም።

በዚያው ሳምንት ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የምታየዋ ሐኪም ቀዶ ሕክምናው ትንሽ ይቆይ ብላለች። ያየችው ነገር አላረካትም፣ ናሙናውን በሌሎች ቀለሞች እየነከረች ነው። ደግሞ አሮጌ ራጅ ፈልጉ ብላለች። የተቀደደም ቢሆን፣ የተበላሸም ቢሆን። ሚስቴ ስልኩን ዘጋችና «የለም አላልኳቸውም?» ብላ ወደ ሸሚዟ ተመለሰች።

እኔም ወደ ካውያዬ ተመለስኩ። ኮሌታ ስተኩስ ቅርጹ እንዳይዛነፍ ፓተርኑን፣ ጨርቁ የተቆረጠበትን ልክ ማለቴ ነው፣ ከላዩ ላይ አስቀምጬ አመሳክሬ ነው የምተኩሰው። የኛ የኮሌታ ፓተርን ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የማይታጠፍ ነገር ነው፤ ሚስማሩ ላይ ከተሰቀለ ዘመን አልፎታል። ያን ቀን ከሚስማሩ አውርጄ ወደ ብርሃኑ ዞር ስል በመስኮቱ ትይዩ ሆነ። ጥቁሩ ውስጥ ነጫጭ መስመሮች ታዩኝ። ጎንበስ ያሉ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር የተደረደሩ። ጥግ ላይ ደግሞ የሚስቴ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ።

«አንቺ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የኮሌታ ፓተርን።»

«ከምን የተቆረጠ?»

መኪናው ቆመ። ተነሥታ መጣች፣ ከእጄ ወስዳ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው፤ ሁለታችንም የጎድን አጥንቷን አየን።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልብስ ፋብሪካ ልትቀጠር ፈልጋ ነበር። ለሥራው ጤና ምርመራ ያስፈልጋል ተብላ ራጅ ተነሳች፣ «ለሥራ ብቁ ነሽ» ተባለችና ራጁን ሰጥተው ላኳት። ፋብሪካው ውስጥ ግን ሰው ሁሉ በቁጥር ልክ እየተጣደፈ ሲሰፋ አየችና ሳትጀምር ተመለሰች። ራጁን ምን ታድርገው? የሰፊ ዓይን ነው፤ ጠንካራ ነው፣ አይተረተርም፣ ጠመኔ በጫፉ ላይ ይንሸራተታል። ቆረጠችው። ከተቆረጠ ወዲህ እሷም እኔም ራጅ ብለን አስበነው አናውቅም። ኮሌታ ነው። ሐኪሙ ስለ ኮሌታ አልጠየቀንም።

«ስንት ዓመት ሙሉ» አልኳት፣ «ሰፈሩ ያንቺን ሳንባ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚሄደው ማለት ነው።»

ከስንት ቀን በኋላ ያን ጊዜ ሳቀች። ግን ሳቁ አልቆየላትም። ኮሌታው የተቆረጠው ከላይኛው በኩል ነው። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ግርጌውን ነው። ግርጌው ደግሞ ኪስ ሆኗል።

«ኪሱስ የታለ?»

ፊቷ ተለወጠ። «ያቺ ሌባ ጋ ነዋ።»

ሌባ የምትላት የቀድሞ ተለማማጇን ነው። ሰፈሩ «ጥድፊያ» ይላታል፣ እጇ እንደ እሳት ነው፣ ሚሊሜትር የሚባል ነገር ግን አታውቅም። አራት ዓመት አብራን ሠርታ ከመንገዱ ማዶ የራሷን ሱቅ ከፈተች፣ ስትሄድ የኪሱን ፓተርን ይዛ ሄደች። ሚስቴ በዚህ ምክንያት እስከዚያ ቀን ድረስ በአጠገቧ ስታልፍ ሰማይ ሰማይ ነበር የምታየው።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

«ሄደህ ለምናት። እኔ ብሞትም አልለምናትም» አለችና የተናገረችው ራሷንም አስደነገጣት። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

ጥድፊያ ስታየኝ ቆመች። «ጋሼ፣ በሰላም ነው?»

«የኪሱን ፓተርን አምጪ።»

«አልሰጥም» አለች ወዲያው። «እሷ ናት የላከችህ? ያ ኪስ ባይኖር እኔ ምን አለኝ? እሱን ከሰጠኋት መቼም አላገኘውም።»

ነገርኳት። በቁጣ ልነግራት ነበር የጀመርኩት፣ መሀል ላይ ልመና ሆነብኝ። ጥድፊያ ሳታስጨርሰኝ ጎንበስ ብላ ከመኪናዋ ሥር ካለው መሳቢያ አወጣችው። ጫፉ በጠመኔ ነጥቷል። በቀሚሷ ጠርጋ ወደ በሩ ብርሃን ያዘችው።

«ይቺን ታያለህ ጋሼ?» አለችኝ። ኪሱ ላይ ክብ ነጭ ነጥብ አለ። «ቁልፉን እዚች ላይ ነው የምንተክለው። እትዬ ናት ያስተማረችኝ። ኪሱን ስትቆርጠው ነጥቧ ቁልፉ ቦታ ላይ እንድትውል አድርጋ ነው የቆረጠችው። የፊልሙ ጉድለት ናት ትል ነበር።»

ከጠረጴዛዋ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ተለቅ ያለውን ዓይነት፣ አንሥታ ነጥቡ ላይ አስቀመጠችው። ልክ ሸፈነው።

አጠገቤ ያገኘሁት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ይህ ነገር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ነበር ማለት ነው። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቅሁም። ከሥር ከሥሩ ሲበላት ኖሮ ይሆን? አእምሮዬ መጥፎውን ብቻ ነበር የሚመርጠው። ጥድፊያ ውሃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ፣ ኪሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሚስቴ ካልሄድኩ አለች። ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ መድኃኒት የሚሸትበት ኮሪደር መጨረሻ ላይ የዚያችን የናሙና ሐኪም ክፍል አገኘነው። ሐኪሟ አጭር ናት፣ ፀጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ወግታዋለች። ጠረጴዛዋ ላይ ቀጫጭን የብርጭቆ ቁራጮች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው ላይ ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቅንጣቢ ነገር ተለጥፏል። የሚስቴ ሳንባ ያ ነው አለችን። በሽተኛ ወደዚያ ክፍል አይመጣም መሰለኝ፣ ወንበር ፍለጋ ግራ ገባት።

ጋዜጣውን ፈታሁ። ኮሌታና ኪስ።

ሐኪሟ አየችን። እኔን አየች፣ ሚስቴን አየች፣ ኮሌታውን አየች። «ይሄ ነው አሮጌው ራጅ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች ሚስቴ፣ ይህ ሁሉን ነገር እንደሚያስረዳ።

ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው። ብርሃን ያለውን ሰሌዳ አበራች፣ አዲሱን ራጅ ሰቀለች፣ ከጎኑ ኮሌታውን፣ ከኮሌታው ሥር ኪሱን። ሚስቴ ተነሥታ «አይ፣ እንደዚህ ነው» ብላ ኪሱን ትንሽ አዞረችው። መቀሱ ያለፈበት መስመር ከመስመሩ ጋር ገጠመ፣ አንደኛው የጎድን አጥንት ከኮሌታው ወጥቶ ኪሱ ውስጥ ቀጠለ። ነጩ ነጥብ በአዲሱ ራጅ ካለው ነጭ ነጥብ ጋር ትይዩ ሆነ። ሐኪሟ ማስመሪያዋን አወጣች፣ ለካች፣ ደግማ ለካች።

«ስንት ነው?» አለች ሚስቴ።

«አዲሱ ሃያ ሚሊሜትር። አሮጌው…»

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ሚስቴ ተመልሳ ከተቀመጠችበት።

ሐኪሟ ማስመሪያውን አየችና ዞረች። «አሥራ ዘጠኝ።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ካንሰር ቢሆን ኖሮ፣ አለች፣ በአሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሚሊሜትር አይረካም ነበር። ግን ራጁ ብቻውን አይበቃትም፤ ያጠራጠራት ሌላ ነው። በናሙናው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴሎች አግኝታለች። አንዱ ላዩን የሚሸፍን፣ ሌላው ከሥሩ የተቀመጠ፣ ክብ ክብ ያለ። ሁለቱም ረጋ ያሉ ናቸው፣ አይባዙም፣ አይጋፉም። መርፌ ትንሽ ቦታ ብቻ ስለሚያነሳ አንዱን ዓይነት ብቻ ያየ ሰው ካንሰር ይለዋል፤ እሷም መጀመሪያ ለማለት ተቃርባ ነበር። ጠዋት የደረሰላት ልዩ ቀለም ግን ላዩንም ውስጡንም እኩል ነክሯቸዋል፤ ሁለቱም ከአንድ ዘር ናቸው።

«ፊትና ገበር ነው በይኛ» አለች ሚስቴ።

«ምን?»

«ኮት። ከላይ የሚታየው ፊቱ ነው፣ ከሥር ያለው ገበሩ ነው። ሁለቱ ጨርቅ አይመሳሰልም፣ ኮቱ ግን አንድ ነው።»

ሐኪሟ እርሳሱን ከፀጉሯ አወጣችና የሆነ ነገር ጻፈች፣ ፀጉሯ ተፈታ። «ፊትና ገበር» አለች። «ይህ እጢ ስሙ ስክለሮሲንግ ኒሞሳይቶማ ነው። ብዙ አይታይም፣ እኔ ራሴ በሥራ ዘመኔ ሁለተኛዬ ነው። ካንሰር አይደለም።»

«ስሙ ከሱ ይረዝማል» አልኩ። ሌላ ነገር ልል ነበር፣ የወጣልኝ እሱ ነው። ሚስቴ እጄን ያዘች። በአውራ ጣቷ ጣቶቼን አንድ በአንድ ለካቻቸው።

ቀዶ ሐኪሙ ነገሩን ሰማ፣ ከሐኪሟ ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገረ፣ በመጨረሻ ዕቅዱን ለወጠ። የሳንባው ክፍል ይቅር፣ እጢውን ብቻ ከትንሽ ዳር ጋር ያወጣዋል። ግን ደረቷ ተከፍቶ ሳለ ያወጣውን ወዲያው ወደ ምድር ቤት ይልከዋል፣ ሐኪሟ አቀዝቅዛ፣ ቆርጣ፣ አይታ ትወስናለች። እሷ «በቃ» ካለች ይዘጋል። ሌላ ነገር ካየች ክፍሉ በሙሉ ይወጣል።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ኮሪደሩ ውስጥ የለበስኩት አሮጌውን ባለ ኪስ ሸሚዜን ነው። የኪሱን ቁልፍ ስነካካ፣ ስነካካ፣ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ጥድፊያ ከየት እንደሰማች እንጃ፣ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እሷ እንኳ ያን ቀን አልተጣደፈችም።

ከዚያ የደረጃው በር ተከፈተና ሐኪሟ ራሷ መጣች፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ እየተነፈሰች። ስልክ መደወል ትችል ነበር።

«ሁለቱንም አየኋቸው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ፊቱንም ገበሩንም። እየዘጉላት ነው።»

አለቀስኩ። ሰው ፊት ነው፣ ኮሪደር መሀል ነው፣ ምን ይደረግ። ጥድፊያ አቅፋኝ እሷም አለቀሰች፣ ሐኪሟ ጓንቷን እያየች የምትሄድበት ጠፋት። በኋላ ሚስቴ አልጋዋ ላይ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው ሸሚዜን ነው። «ቁልፍህ የታለ?» አለች። እጄን ዘረጋሁላት።

አሁን ጥሩ ሆናለች። የመጀመሪያ ቀን ወደ ሱቅ ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች። እኔም ቆምኩ፣ ስልኬን ሳላወጣ በኩራት። እንዲህ አብረን ቆመን የምናርፍ ከሆነ እድሜ ልኳን ባትድን ብዬ አሰብኩ፣ ወዲያው ደግሞ ያሰብኩትን ሰረዝኩት። በሳምንቱ ሳትቆም አለፈችኝ። በወሩ እየዘፈነች።

ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳችውን ራጅ ሆስፒታሉ ሰጣት፣ ኮሌታውንና ኪሱንም መለሰላት። ሐኪሟ አዲሱን ስትሰጣት «እትዬ፣ እባክዎ ይሄኛውን አይቁረጡት» አለቻት። ሚስቴ ቃል አልገባችም፣ «ጥሩ ፊልም ነው» ብቻ አለች።

ኪሱን ራሷ ይዛ መንገዱን ተሻገረች። እኔ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ነው ያየኋቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ጥድፊያ ስትሳለማት አየሁ፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው ወደ ሱቃችን ደረጃ መጡ። ጥድፊያ ደርሳ እያለከለከች ገባች፣ ሚስቴ ቀድማታለች።

ሚስቴ አዲሱን ራጅ መስኮቱ ላይ ለጥፋ አሳየቻት። ሳንባው ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ ጥርት ያለ ነው፤ ጎኑ ላይ ቀጭን የስፌት መስመር ብቻ አለ፣ እሱንም ሚስቴ «ቀጥ ያለ ነው፣ ሐኪሙ ጥሩ እጅ አለው» ብላ አመስግናዋለች። ጥድፊያ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ፈለገች፣ ፈለገች።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ከዚህኛው ኪስ ቢቆረጥ ቁልፉን የት ነው የምንተክለው?»

«ለክተሽ ነዋ» አለች ሚስቴ። «የኔ ሳንባ ከእንግዲህ አያሳይሽም።» ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጥድፊያ አንገት ላይ አደረገችላትና እየዘፈነች ወደ መኪናዋ ሄደች።